የፍትሕ ሥነ አጽም፦ ከዶማው በፊት

ከዱርቤቴ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው ደጋና ወይና ደጋ፣ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው አፈሩ አሲዳማ ስለሆነበት ነው። የክረምቱ ዝናብ ከቀዩ አፈር ካልሲየሙን እያጠበ ይወስደዋል። ታዲያ ይህ አፈር የሚጎዳው ሰብልን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የተቀበረ አጥንትንም ይበላል። አጥንትን ጠንካራ የሚያደርገው የካልሲየም ማዕድን አሲድ ሲያገኘው ይሟሟል፤ ቀጫጭኑ የጎድንና የጣት አጥንት ቀድሞ፣ ወፍራሙ የጭን አጥንት ዘግይቶ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አጽም ሲገኝ ነገሩን ማዘግየት፣ ማስረጃውን ለአፈሩ መተው ነው።

ይህን ማስረጃ የሚያነበው ሙያ ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ይባላል። በአማርኛ «የፍትሕ ሥነ አጽም» ቢባል ሥራውን ይገልጸዋል፦ ሥጋው የጠፋ፣ የተቃጠለ ወይም የተበታተነ አካል የማን እንደሆነና እንዴት እንደሞተ ከአጥንቱና ከጥርሱ መርምሮ ለፍርድ ቤት የሚያቀርብ የጥናት ዘርፍ ነው። ብዙ ሰው ከሚያውቀው የአስከሬን ምርመራ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የአስከሬን ምርመራ የሐኪም ሥራ ነው፤ ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራን ከፍቶ ያያል። ለእሱ ሲባል ለብዙ ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ አስከሬን እየተጫነ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይወሰድ ነበር፤ ከዱርቤቴ ዓባይን ተሻግሮ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ማለት ነው። የሚከፈት ነገር ሳይኖር ሲቀር ግን ተራው የአጽም መርማሪው ነው።

የመርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ገደለው?» አይደለም። አጥንቱ የሰው ነው ወይስ የእንስሳ? የስንት ሰው ነው? ጥንታዊ ነው ወይስ የቅርብ ጊዜ? በጎጃም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አዲስ መቃብር የሚቆፍር ሰው የቀደሙ ሰዎችን አጽም ማግኘቱ የተለመደ ነው፤ አክብሮ ይመልሰዋል እንጂ ወንጀል ተፈጸመ አይልም። ከዚያ ጾታ፣ ዕድሜና ቁመት ይከተላሉ። ጾታን ከሁሉ በተሻለ የሚናገረው ዳሌ ነው፤ በልጆች ላይ ግን ገና ልዩነቱ ስላልወጣ አያስተማምንም። ዕድሜ በልጆች ከጥርስ አበቃቀል ይታወቃል። በወጣቶች ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚዘልቀው አጥንት ያግዛል፤ በደረት በኩል ያለው ጫፉ ገጥሞ የሚያልቀው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነውና።

ቁመት ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ችግር አለ። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበትን ስሌት በ1940ዎቹ ያወጡት ሚልድረድ ትሮተርና ጎልዲን ግሌሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ የለኩት የአሜሪካውያንን አጥንት ነበር። የአንድ ወንድ የጭን አጥንት 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለነጭ አሜሪካውያን የወጣው ቀመር ሰውየው ከ168 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር ይላል፤ ለጥቁር አሜሪካውያን የወጣው ደግሞ 165 ያደርገዋል። የጎጃሙ ገበሬ ከሁለቱ የትኛው ነው? አንዱም አይደለም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሰውነት አካል መምህራን የክንድ፣ የእጅና የእግር ርዝመት ከቁመት ጋር ያለውን ዝምድና በአገራቸው ሰው ላይ መለካታቸው ለዚህ ነው ትልቅ ዋጋ ያለው።

ኢትዮጵያ ከዚህ ሙያ ጋር የተዋወቀችው በመራራ መንገድ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የተቋቋመው የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የጅምላ መቃብሮችን ለማስመርመር የአርጀንቲናን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ጋበዘ። ይህ ቡድን ራሱ የተወለደው ከመከራ ነው፤ በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ የደረሱበት የጠፋ ሰዎችን አጽም ለመለየት አሜሪካዊው ክላይድ ስኖው በ1976 ዓ.ም. ተማሪዎችን ሰብስቦ ሲያሠለጥን የተመሠረተ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮተቤ ላይ የተቆፈረው መቃብር የ30 ያህል ሰዎችን አጽም ሰጠ። የናይለን ገመድም አብሮ ወጣ፤ አንገት ላይ እንደተጠመጠመ።

ሥጋው አልቆ፣ ልብሱ በስብሶ፣ ናይለኑ ግን ሳይበሰብስ ቆየ። ያ ገመድ ማስረጃ የሆነው በመገኘቱ ብቻ አይደለም፤ የት እንደተገኘ በመታወቁ ነው። ቆፋሪዎቹ አፈሩን በብሩሽና በትንሽ ማንኪያ እየጠረጉ፣ እያንዳንዱን አጽም ከነአተኛኘቱ ፎቶ አንስተውና ሥለው ነው ያወጡት። በዶማ ተቆፍሮ አጥንቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ቢወጣ ኖሮ፣ ገመዱ ከአፈር ውስጥ የተገኘ ተራ ገመድ ሆኖ ይቀር ነበር።

አጥንት ብቻውን የማይፈታው ጥያቄም ሞልቷል። ደርግ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ዐረፉ ሲል አስታወቀ፤ ከዓመታት በኋላ ዓቃቤ ሕጉ ታንቀው ተገደሉ ብሎ ከሰሰ። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ታንቆ በሞተ ሰው ላይ መርማሪ የሚፈልገው ምላስ ሥር ያለችውን የፈረስ ኮቴ የመሰለች ትንሽ አጥንት ነው፤ እሷም ሁልጊዜ አትሰበርም። በትራስ የታፈነ፣ ውኃ የወሰደው፣ ብዙውን ጊዜም የተመረዘ ሰው አጥንቱ ላይ ምንም አይጻፍበትም።

ስብራት ሲኖርስ? በሞት ሰዓት የደረሰ ይሆን ወይስ ከሞት በኋላ አፈር ተጭኖት? ይህ ክርክር ጥንታዊቷን ቅሪተ አካል ሉሲንም አልማራትም። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፔልማን የትከሻዋን ስብራት አይቶ ሉሲ ከዛፍ ወድቃ ሞተች አለ፤ ሌሎቹ ተመራማሪዎች ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት እንዲህ ያለ ስብራት በእንስሳት ቅሪተ አካልም ይታያል ብለው ተቃወሙት። በቅርብ ጊዜ አጽም ላይ ግን የሚረዳ መለያ አለ፦ እርጥብ አጥንት ሲሰበር ጠርዙ ሰያፍና ለስላሳ ይሆናል፤ የደረቀው ቀጥ ብሎ ሸካራ ሆኖ ይሰበራል፣ አዲሱ ስብራትም ከቆየው ገጽ ይልቅ ነጣ ይላል። ጥይት ደግሞ የራስ ቅል ሲገባ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ፣ ሲወጣ ወደ ውጭ ያሰፋዋል።

የማንነት ጥያቄ የሚፈታው የሞተው ሰው ከነበረው መዝገብ ጋር በማስተያየት ነው። የዱርቤቴ ገበሬ የጥርስ ራጅ ላይኖረው ይችላል፤ ዘመዶቹ ግን ያውቁታል። በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ ካሸው፣ የገጠመበት ምልክት አጥንቱ ላይ ሊቀር ይችላል። በሕፃንነቱ ግግ የወጣለት ሰው የውሻ ክራንቻው ተበላሽቶ ወይም ጭራሽ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው፤ አጽሙ ጎጃም ቢገኝ እንኳ ያደገው ሌላ ቦታ እንደሆነ ይጠቁማል። መርማሪ ቤተሰብን ሲጠይቅ «ምን ለብሶ ነበር?» ብቻ ብሎ መቅረት የሌለበት ለዚህ ነው።

ለአጽም መርማሪ ሌላው መንገድ ሲያጥረው ዲኤንኤ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጊምቢቹ ወረዳ ላይ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ያለቁት 157 ሰዎች የተለዩት በዋናነት ከቤተሰብ በተወሰደ ናሙና ነበር። ወላጆቹ ያለፉ ሰው ሲሆን ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ የዲኤንኤ ዓይነት ስላለ፣ የእኅቱ ልጆች ምራቅ ሊረዳ ይችላል።

እንግዲህ በማሳም ሆነ በወንዝ ዳር አጽም ያየ ሰው ዶማውን አስቀምጦ፣ ያየውን በቦታው ትቶ ፖሊስ ቢጠራ፣ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። አጥንቱን ማጠብ፣ ጥርስ መልቀም፣ አዛኝ ሆኖ ሰብስቦ መሸፈንም ያበላሻል። አፈሩ ራሱ በወንፊት መነፋት አለበት፤ የሕፃን ጥርስና ያቺ የምላስ ሥር አጥንት የሚገኙት ከወንፊቱ ላይ ነው።