ከጣራ ገዳም ሥር እስከ ክሪሾና ኮረብታ

ልጅነቴ ያለፈው አዲስ ዘመን፣ ከጣራ ገዳም ሥር ነው። ከገዳሙ ጫካ ወርዶ ጋፋትን ለማየት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ወረታ ድረስ ወደ ደቡብ ይመለሳል፤ እዚያ መኪና ለውጦ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከደብረ ታቦር ወዲያ ደግሞ ሌላ መኪና ይፈልጋል ወይም በእግሩ ያዘግማል። በየመውረጃው ሒሳብ፣ በየመውረጃው ክርክር! ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ባቡር ጣቢያ ቆሜ ነው። የአክስቴ ልጅ የባደን ቩርተምበርግን የአንድ ቀን ትኬት ቆረጠልኝ። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማግስቱ ሌሊት 9 ሰዓት በክፍለ ግዛቱ ባቡሮች እንደ ልብ ያመላልሳል፤ ፈጣኖቹ ላይ ግን አያስወጣም። ጥቂት ከተጨመረበት እስከ 5 ሰው ይጓዝበታል። ዘመዴ ቤተ መንግሥትና ሐይቅ ሊያሳየኝ አስቦ ነበር። እኔ “ባዝል” አልኩት። ትኬቱ ድንበር ተሻግሮ፣ ባዝል ውስጥ እስካለው የጀርመን ባቡር ጣቢያ ያደርሳልና።

ከባዝል ወጣ ብሎ ቅድስት ክሪሾና የሚባል ኮረብታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840 ሽፒትለር የተባለ ሰው የእጅ ባለሙያ ወጣቶችን ለሚስዮን የሚያሠለጥን ቤት የከፈተው እዚህ ነው። ሰውየው ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ 12 ማረፊያ ያለው “የሐዋርያት መንገድ” ያልም ነበር። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ አገራችን ገቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየርንና ዛልሙለርን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር መድፍ አሠሯቸው። የመጨረሻው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ኮረብታው ላይ ቆሜ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ከዚህ ጸጥታ ወጥቶ ያንን መድፍ መሥራት!

መድፉ ተሠርቶ አላበቃም፤ መጓዝ ነበረበት። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጋይንትን አልፎ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ የሚሄድ መንገድ አልነበረምና እየሠሩ ሄዱ። ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራዊቱ ጋር ሠሩ። መድፉ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ምን ቀረው?

በዚያው በጋ እንግሊዞች ዙላ ወደብ ላይ ከህንድ ያመጡትን የባቡር ሐዲድ ያነጥፉ ነበር፤ ወደ 18 ኪሎ ሜትር። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ይሄኛው 49 ዓመት ይቀድመዋል። እንግዲህ ወደ እኛ የመጣው ያ የመጀመሪያ ባቡር ለጉብኝት ሳይሆን ለቴዎድሮስ የመጣ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ሁሉም ነገር አበቃ። ሐዲዱም ተነቅሎ በመርከብ ተመለሰ። (ከመቅደላ የተዘረፈው አብዛኛው አልተመለሰም።) ሴባስቶፖል አምባው ላይ ቀረ።

ማታ ወደ ሽቱትጋርት ስንመለስ ዘመዴ “እኛ አገርስ?” አለኝ። የባቡር ዕቅዱ ላይ ባሕር ዳርን፣ ወረታንና ወልድያን የሚያገናኝ መስመር ተሥሎ እንደነበር ነገርኩት። ሐዲዱ አልተነጠፈም። “ታዲያ ከአዲስ ዘመን ጋፋት ስንት ትኬት ይፈጃል?” ሲለኝ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።