ጁባ እና ጋምቤላ፦ ሁለት ወደቦች በአንድ ውኃ

ጁባ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተቆረቆረችው ከሰሜን የሚመጣ መርከብ ከዚያ በላይ ሊዘልቅ በማይችልበት ሥፍራ ነው። ከኮስቲ ተነሥቶ በነጭ ዓባይ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የተጓዘ መርከብ ጁባ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ኒሙሌ ድረስ ወንዙ ዐለትና ፏፏቴ ይበዛዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ውኃ ባዕዳን አይደለንም። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ለሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀዱ። ጋምቤላ የንግድ ወደብ የሆነችው በዚሁ ነው። በክረምት ባሮ ሲሞላ የኢትዮጵያ ቡና በሶባት በኩል ነጭ ዓባይ እየገባ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ዛሬ ጁባ ፊቷን ያዞረችው ወደ ደቡብ ነው። በ2012 የተጠናቀቀው የ192 ኪሎ ሜትር የኒሙሌ አስፋልት በዩጋንዳ በኩል ከሞምባሳ ወደብ ያገናኛታል። ሆኖም በአንድ መንገድ የሚቀለብ ከተማ፣ መንገዱ በተዘጋ ቀን ገበያው ይናጋል። ጋምቤላንና ጁባን የሚያስተሳስረው ውኃ ግን አሁንም ይፈስሳል፤ የሚሻውም በዳርቻው ሰላም፣ በክረምቱ መርከብ ነው።