ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፤ በአንድ ቀን የሚጎበኙ ሙዚየሞች

ከአራት ኪሎ ተነስቶ በአምስት ኪሎ በኩል ስድስት ኪሎ የሚያደርሰው ዳገት በእግር ቢኬድ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፡፡ በዚህ አጭር መንገድ ላይ ግን ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው የሰው ዘር ቅሪት አንስቶ እስከ ዘመናዊ ሥዕል ድረስ የሚታይባቸው ቤቶች ይገኛሉ፡፡ ብዙዎቻችን ወደነዚህ ቤቶች የገባነው ተማሪ ሳለን በሰልፍ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ በታክሲ መስኮት እያየናቸው እናልፋለን፡፡ የክፍለ ሀገር ዘመድ ወይም ከውጭ የመጣ እንግዳ ካልመጣ በቀር ለራሳችን ብለን የምንገባበት ቀን ጥቂት ነው፡፡ ለአንድ የዕረፍት ቀን የሚበቃውን ይህን መስመር እንደሚከተለው አቅርበነዋል፡፡

አራት ኪሎ

መነሻው የድል ሐውልቱ የቆመበት አደባባይ ነው፡፡ ሐውልቱ የሚያስታውሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበትን ዕለት ነው፡፡ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው በአራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጥሩ መጀመሪያ ነው፡፡ የአገራችን አእዋፍና የዱር እንስሳት ቆዳቸው ተሞልቶ የተቀመጠው እዚያ ነው፡፡

አምስት ኪሎ

ብሔራዊ ሙዚየም በርካታ ጎብኚ የሚስበው በድንቅነሽ (ሉሲ) ምክንያት ነው፡፡ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት ተመራማሪዎች ይናገራሉ፡፡ ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው፡፡ በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተገኘችው ሕፃን ሰላም ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ይገመትላታል፡፡

ጎብኚ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፡፡ ለረጅም ዓመታት በመስታወት ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ የቆየው የድንቅነሽ ቅጂ እንጂ ዋናው አጽም አይደለም፡፡ ዋናው በጥንቃቄ በተለየ ክፍል ይጠበቃል፡፡ ይኸው ዋናው አጽም በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አሜሪካ፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከሰላም ጋር ወደ ፕራግ ተወስዶ ለእይታ ቀርቧል፡፡ የባዕድ አገር ሰው ያየውን እኛ መቼ እናያለን የሚለው ጥያቄ በየጊዜው የሚነሳውም ለዚህ ነው፡፡ ይሁን እንጂ በዚሁ ምክንያት ሙዚየሙን መተው አይገባም፡፡ ከቅሪተ አካላቱ ክፍል ወጥተው ወደ ላይኞቹ ፎቆች ሲዘልቁ ጥንታዊ ቅርሶችን፣ የነገሥታት ዕቃዎችንና የሠዓሊዎቻችንን ሥራዎች ያገኛሉ፡፡

ስድስት ኪሎ

በዚህ መስመር ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው፡፡ የሚገኘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፡፡ ሕንፃው ራሱ ከሚያሳየው ቅርስ ያልተናነሰ ታሪክ አለው፡፡

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀናት ሕዝቡን ጨፈጨፉ፡፡ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜም እነ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ የተገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነበር፡፡ በቀጣዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፡፡ ተቋሙ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፡፡

ከመግባትዎ በፊት ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣውንና የትም የማያደርሰውን ደረጃ ይመልከቱ፡፡ የሠሩት ጣሊያኖች ሲሆኑ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት ይወክላል፡፡ ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት እንጂ፡፡

በውስጡ ያለው ዐውደ ርዕይ የተደራጀው በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፡፡ ከልደትና ከልጅነት ጨዋታ ይጀምራል፤ በጋብቻ፣ በሥራና በባህል ሕክምና አልፎ በሞትና በቀብር ሥርዓት ይደመደማል፡፡ በዚህ አቀራረብ የደቡቡ ከሰሜኑ፣ የምሥራቁ ከምዕራቡ ጎን ለጎን ይታያል፡፡ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት፣ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና መስቀሎች፣ ክራር፣ ማሲንቆና በገናን የመሳሰሉ የሙዚቃ መሣሪያዎችም እዚያው አሉ፡፡

ከግቢው ሲወጡ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይጠብቅዎታል፡፡ በሐውልቱ ዙሪያ ያሉት የነሐስ ምስሎች የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ሥራ ናቸው፡፡ ሙዚየሙን አይተው ለሚመጡ ምስሎቹ ሌላ ትርጉም ይሰጣሉ፡፡ ሥዕል ለሚወዱ በዚሁ አካባቢ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ፡፡ በ1973 ዓ.ም. በስደት ያረፈው ሠዓሊና ገጣሚ በጀርመን ቆይተው የተመለሱ ሥራዎቹ መታሰቢያቸውን ያገኙት በዚህ ማዕከል ነው፡፡

ሌላ ቀን ላላቸው

በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ በፒያሳ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ በመካኒሳ አቅጣጫ በጭቃ ጥበብ የተገነባው ዞማ ሙዚየም ይገኛሉ፡፡ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግም የተከፈተው አፍሪካ አዳራሽም 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ይዟል፡፡

በዓል ጠብቀው የሚወጡ መስከረም 16 ደመራን በመስቀል አደባባይ፣ ጥር 10 እና 11 ጥምቀትን በጃን ሜዳ፣ የካቲት 23 የዓድዋን በዓል በምኒልክ አደባባይ ይታደማሉ፡፡ ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የሚያቀርቡትን ዐውደ ርዕይ መጠየቅ አይከፋም፡፡

ከመሄድዎ በፊት

የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች ይለያያል፤ በየጊዜውም ስለሚሻሻል በሩ ላይ ይጠይቁ፡፡ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለመግባት መታወቂያ ይያዙ፡፡ በበዓላት ቀን አንዳንዶቹ ሊዘጉ ስለሚችሉ አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል፡፡ ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት አስጎብኚውን ያስፈቅዱ፡፡ ልጆች ካሉ ከሁለት ሙዚየም በላይ በአንድ ቀን አይበዛባቸው፡፡ ከሁሉም በላይ ግን እንግዳ እስኪመጣ አይጠብቁ፡፡