ከካርባይድ እስከ ኤልኢዲ፦ የመኪና ዓይን ታሪክ

«ሃሎጂኑን አውጥቼ ኤልኢዲ ላስገባ ወይ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በብዛት ይደርሰኛል። መኪና የገዛችሁ የድሮ ተማሪዎቼም ይህንኑ ነው የምትጠይቁኝ። «አዎ» ወይም «አይ» ብዬ ከማልፈው ታሪኩን ባወራችሁ ይሻላል፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች መብራት እሳት ነበር። እውነተኛ እሳት! ካርባይድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ በቱቦ ወደ ፊት ሄዶ መስታወት ፊት ይነዳል። ሹፌሩ ወርዶ መለኮስ ነበረበት። በ1912 ካዲላክ የኤሌክትሪክ ማስነሻና የኤሌክትሪክ መብራት አንድ ላይ ይዞ ወጣ። በ1913 ደግሞ የጀርመኑ ቦሽ ዲናሞና የፊት መብራት አቀናጅቶ ለገበያ አቀረበ።

መብራቱ ሲጠነክር አዲስ ጣጣ መጣ፦ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይኑ ይጠፋ ጀመር። በ1920ዎቹ አንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር ማስገባት የተጀመረው ለዚህ ነው፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ እንግዲህ የሁለት ነገር ጭቅጭቅ ነው፦ «እኔ ልይ» እና «ሌላው አይታወር»። ሦስተኛው ተከራካሪ ደግሞ ውበት ነው።

አሜሪካኖች ከ1940 ሞዴል ጀምሮ ነገሩን በአንድ ወሰን ቆረጡት። መስታወቱ፣ አንጸባራቂውና ክሩ አንድ ላይ የታሸገ፣ 7 ኢንች ስፋት ያለው ክብ መብራት ለሁሉም መኪና ግዴታ ሆነ። ጥቅም ነበረው፦ አቧራና ውሃ አይገባውም፣ ሲቃጠል የትም ተገዝቶ ይቀየራል። ግን የሁሉም መኪና ዓይን አንድ ዓይነት ሆነ። ዲዛይነሮቹ መላ ሲያጡ መብራቱን መደበቅ ያዙ፤ የ1963ቱ ኮርቬት መብራቱ ቀን ቀን ተገልብጦ የሚሸሸገው ለዚህ ነው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1962 ሃሎጂን መጣ። በተራው አምፖል ውስጥ ክሩ እየተነነ መስታወቱን ያጠቁራል፤ የሃሎጂን ጋዝ ግን የተነነውን ብረት ወደ ክሩ ይመልሰዋል። ስለዚህ ክሩ የበለጠ ግሎ የበለጠ ያበራል፣ መስታወቱም አይጠቁርም። በ1967 ደግሞ ሲትሮይን ዲኤስ መሪው ሲዞር አብረው የሚዞሩ መብራቶች ከመስታወት ሽፋን ጀርባ አስቀመጠ። አሜሪካ «አይገባም» አለች! እዚያ የተሸጠው ዲኤስ መብራቱ የማይዞር፣ ሽፋን የሌለው ነበር።

አሜሪካ የላላችው በ1983 ነው። የ1984ቱ ሊንከን ማርክ ሰባት እንደ መኪናው ቅርጽ የተሠራ መብራት ይዞ ወጣ። መኪና ሁሉ የራሱ ፊት ኖረው። ዋጋውም አለ፦ ፊቱ ፕላስቲክ ሆነ፤ ፕላስቲክ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል፣ ቢጫ ይሆናል። የፎልክስና የድሮው ላዳ ክብ መስታወት በዚህ በኩል ይበልጠው ነበር።

በ1991 ቢኤምደብልዩ ዜኖንን በ7 ሲሪየስ አመጣ። ክር የለውም፤ ብርሃኑ በሁለት ጫፎች መካከል የሚዘል የኤሌክትሪክ ቅስት ነው። በ35 ዋት 3000 ሉመን ያልፋል፤ 55 ዋት የሚበላ ሃሎጂን 1500 ገደማ ላይ ነው። ይህን ያየችው አውሮፓ መብራቱን ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያና የመስታወት ማጠቢያ ግዴታ አደረገች። ብርሃኑን ስትፈቅድ ልጓሙንም አብራ አዘዘች ማለት ነው።

ኤልኢዲ በ2007 በሌክሰስ አጭር መብራት ላይ ታየ፤ በ2008 አውዲ አር8 ሁሉንም መብራት በኤልኢዲ ሠራ። በ2013 አውዲ ኤ8 በካሜራ እያየ፣ ከፊት ባለው መኪና ላይ የሚያርፈውን ጨረር ብቻ እየለየ የሚያጠፋ ረጅም መብራት ይዞ መጣ። ከመቶ ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ «እኔ ልይ»ና «ሌላው አይታወር» ታረቁ ማለት ይቻላል። አሜሪካ ይህን የፈቀደችው በ2022 ነው።

ታዲያ አዲስና ውድ ሁሉ ጥሩ ነው? በ2016 በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ተቋም የ31 መኪኖችን መብራት ፈተነ። «ጥሩ» የተባለው አንድ ብቻ፣ ቶዮታ ፕሪየስ ቪ ነበር፤ እሱም በኤልኢዲው። ስመ ጥር የቅንጦት መኪኖች ወደቁ። ዋናው ነገር የብርሃኑ ብዛት ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ለሃሎጂን የተሠራ መብራት ቤት አንጸባራቂው የተሰላው ክሩ ላለባት ያቺ ነጥብ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ስትሰኩበት ብርሃኑ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ቅርጽ ይወጣል፤ ይበተናል። አፍንጫችሁ ስር ያለው አስፋልት ነጭ ሆኖ ሲበራ «አየሁ» ትላላችሁ፤ ዓይናችሁ ግን በዚያው ብርሃን ስለሚጠብ ራቅ ያለውን አጥርቶ አያይም። ከፊታችሁ የሚመጣው ሹፌር ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ዕውር ነው። ከከተማ ወጣ ስንል በዚያች ሰከንድ ውስጥ በመንገዱ ዳር እግረኛ አለ፣ በሬ አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ።

ስለዚህ መልሴ፦ ከፋብሪካ በኤልኢዲ የተሠራ ከሆነ እሰየው። ሃሎጂን ከሆነ ጥሩ ሃሎጂን ግዙ፣ የደበዘዘውን ፕላስቲክ አስወልውሉ፣ ከዚያ አቅጣጫውን አስተካክሉ። ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ አጭሩን አብሩ፤ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ መብራቱ ካለበት ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይበል። ከኋላ ዕቃ ስትጭኑ ፊቱ ቀና ስለሚል፣ መሪው አካባቢ ከ0 ጀምሮ ቁጥር ያለባት ትንሽ መዞሪያ ካለች ተጠቀሙባት። ብዙዎቻችን ነክተናት አናውቅም!

ማታ የምትነዱ ወዳጆቼ፣ ሌላውም እንዲያይ አድርጋችሁ አብሩ። በሰላም ግቡ።