የወንዝ ውሃና ደለል በከባድ ብረቶች መበከል፦ ከአቃቂ ጫግኒ ምን ትማራለች?

ከባድ ብረቶች የሚባሉት እንደ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና ክሮሚየም ያሉት ናቸው። በአፈርና በዐለት ውስጥ በጥቂቱ ይገኛሉ። ጉዳት የሚያስከትሉት ከፋብሪካ፣ ከጋራዥ፣ ከማዕድን ማውጫና ከቆሻሻ መጣያ በብዛት ወደ ወንዝ ሲገቡ ነው።

ብዙዎቻችን ውሃን የምንለየው በቀለሙ፣ በሽታውና በጣዕሙ ነው። ነጃሳ እነዚህን ሦስቱን ያልለወጠው ብዙ ውሃ ለውዱእ እንደሚበቃም እናውቃለን። ለመጠጥ ግን ይህ መለኪያ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ እርሳስ ከ10 ማይክሮግራም፣ ካድሚየም ከ3 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ይህን ዓይንም ምላስም አይለየውም። ማፍላትም ጀርም ይገድላል እንጂ ብረትን አያስወግድም።

ብረቶቹ አይበሰብሱም። ከጭቃና ከብስባሽ ጋር ተጣብቀው ወደ ወንዙ ወለል ይወርዳሉ። ስለዚህ ውሃው ጠርቶ እያለ ደለሉ የብዙ ዓመት ብክለት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጎርፍ ሲያናውጠው ወይም የውሃው አሲድነት ሲጨምር ብረቱ እንደገና ወደ ውሃው ይመለሳል።

በአገራችን በዚህ ጉዳይ በብዛት ከተጠኑት ወንዞች አንዱ አቃቂ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት የክሮሚየም ጨው ከብክለቱ ምንጮች አንዱ ነው። በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ጥናቶች በአንዳንድ የአትክልት ናሙናዎች ከሚመከረው በላይ ብረት አግኝተዋል። አትክልቱን ማጠብ አፈሩን ያነሳል እንጂ በሥሩ በኩል የገባውን አያወጣም።

እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት፣ ካድሚየም ኩላሊትን፣ ሜርኩሪ ነርቭን ይጎዳል። በጃፓን ሚናማታ ከፋብሪካ የወጣ ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ሰው መመረዙ በ1956 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የተበከለውን ደለል ከባሕሩ ወለል የማውጣቱ ሥራ ግን ከ1977 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ፈጅቷል።

ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአካባቢዋ ወንዞች መጨረሻቸው ዓባይ ነው። በአጎራባቹ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ወርቅ በባህላዊ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ ልናደርግ የምንችለው ግልጽ ነው፦

• ያገለገለ የመኪና ባትሪን ሰብሮ አሲዱን ቦይ ውስጥ አለመድፋት፤
• የባትሪ ድንጋይ ወንዝ ዳር አለመጣል፣ አለማቃጠል፤
• ወርቅ በሜርኩሪ የሚያጥር ሰው ቤት ውስጥ እንዳያተን፣ ቅሪቱንም ወንዝ እንዳይደፋ መምከር፤
• ከጋራዥ ወይም ከቆሻሻ መጣያ በታች ካለ ውሃ አትክልት አለማጠጣት፤
• የወረዳው ውሃና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ውሃውን ከነደለሉ እንዲያስመረምሩ መጠየቅ።

ከላይ ያለው ሰው የደፋው ከታች ያለውን ወንድሙን ይደርሰዋል። ደለል አንዴ ከተበከለ ማጽዳቱ ዓመታት ይፈጃል፤ አለመበከሉ ግን በእጃችን ነው።