የኮርዶባን ቆዳ ታሪክ

ከእንስሳት ሁሉ እንደ ፈረስ ከሰው ታሪክ ጋር የተሳሰረ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገሥታት በፈረስ ዘምተዋል፤ መልእክተኞች በፈረስ ገሥግሠዋል፤ በብዙ አገርም ገበሬው በፈረስ አርሷል። በአገራችንም ጀግናው በገዛ ስሙ ፋንታ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ነገር ግን ፈረስ በሕይወቱ ሳለ ስለ ሰጠው አገልግሎት ብዙ ሲጻፍ፥ ከሞተ በኋላ ቆዳው ስለሚሰጠው ጥቅም የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፋችን ከፈረስ ቆዳ የሚሠራውንና በዓለም ገበያ ከፍተኛ ዋጋ ከሚያወጡት ቆዳዎች አንዱ የሆነውን፥ ኮርዶባን የሚባለውን ቆዳ ታሪክ ባጭሩ እንመለከታለን። ዓላማችን ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ ለመግለጽ ብቻ አይደለም። አንድ የእጅ ጥበብ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚሰደድ፥ በአንዱ ዘንድ ጠፍቶ በሌላው ዘንድ ስለምን እንደሚለመልም ከዚህ ታሪክ መረዳት ስለሚቻል ነው። የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ የጠቀስነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የስሙ ምንጭ

ኮርዶባ በደቡብ እስፓኝ፥ በጓዳልኪቪር ወንዝ ዳር የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በ756 የኡመያ ቤት ልዑል ዐብዱራሕማን መናገሻው ካደረጋት በኋላ እያደገች ሄደች፤ በ10ኛው ምእት ዓመትም በመጻሕፍት ቤቶችዋ፣ በመስጊዷና በእጅ ሠራተኞችዋ ብዛት በምዕራብ አውሮፓ ወደር የማይገኝላት ከተማ ሆነች። ሐኪሞችዋና ፈላስፎችዋ ስሟን በሊቃውንት ዘንድ ሲያስጠሩ፥ በገበያ ዘንድ ግን ስሟን ያስጠሩት ቆዳ አልፊዎችዋ ናቸው።

ያን ጊዜ ኮርዶባን የተባለው ቆዳ የፈረስ አልነበረም። የፍየል ቆዳ ነበር። ሱማቅ በተባለው ቍጥቋጦ ቅጠል ይለፋ፥ በልዩ ልዩ ቀለምም ይነከር ነበር። ለስላሳነቱና ጥንካሬው የአውሮፓ መኳንንት ጫማቸው ሁሉ ከዚህ ቆዳ እንዲሰፋ አስመኛቸው። ከዚህም የተነሣ የከተማዪቱ ስም የሙያ ስም ሆነ። ፈረንሳዮች ጫማ ሰፊን ኮርዶንዬ የሚሉት ከዚሁ ቃል አምጥተው ነው። እንግሊዞችም ከአዲስ ቆዳ አዲስ ጫማ የሚሰፋውን ባለሙያ ኮርድዌነር ብለው፥ ያረጀውን ከሚጠግነው ለይተው ጠሩት። የለንደን ኮርድዌነሮች ማኅበር በ1439 ከንጉሡ ቻርተር የተቀበለ ሲሆን እስከ ዛሬም አለ። ለንደን ተቀምጦ ጫማ የሚሰፋው ሰው ኮርዶባን በዐይኑ ሳያያት በስሟ ሲጠራ ኖረ።

የባለሙያዎቹ ስደት

ስሙ እንዲህ በዓለም ሲዞር፥ ሥራውን ያቆሙት ሰዎች ዕድል ግን ሌላ ነበር። በ818 የኮርዶባ ዳርቻ ነዋሪዎች፥ እነርሱም አብዛኞቹ የእጅ ሠራተኞችና ነጋዴዎች የነበሩት፥ በቀዳማዊ አል ሐከም ላይ ዐመፁ። ዐመፁ በደም ከተደመሰሰ በኋላ ሰፈራቸው ፈረሰ፤ የተረፉትም ካገር እንዲወጡ ታዘዘ። ከነዚህም ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው በሞሮኮ ፌዝ በተባለችው አዲስ ከተማ ሰፈሩ። የሰፈሩበትም ክፍል የአንዳሉሲያውያን ሰፈር ተባለ፤ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል።

በ1236 ሣልሳዊ ፌርናንዶ ኮርዶባን ከያዘ በኋላ የቆዳው ሥራ አልቆመም። እንዲያውም በብርና በቀለም ያጌጠው የግድግዳ ቆዳ በ16ኛው ምእት ዓመት የአብያተ መንግሥትና የአብያተ ክርስቲያናት ጌጥ ሆኖ ነበር። ነገር ግን በ1492 አይሁድ ከእስፓኝ ተባረሩ። ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ ደግሞ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡት የሞሪስኮስ ወገኖች በብዙ መቶ ሺህ ተባረሩ። ከወጡትም መካከል ብዙ የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። በ17ኛው ምእት ዓመት ያጌጠው የግድግዳ ቆዳ ገበያ ወደ ፍላንደርስና ወደ ሆላንድ ከተሞች ሲዛወር፥ ጥሩው የፍየል ቆዳ ደግሞ በአውሮፓ መጽሐፍ ጠራዦች ዘንድ የሞሮኮ ቆዳ ተባለ።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ስደተኛ ቤቱንና ርስቱን ትቶ ይወጣል፤ ገንዘቡንም በር ላይ ይቀሙታል። በልቡና በእጁ ያለውን ሙያ ግን ማንም ሊፈትሽበት አይችልም። ስለዚህ አንድ መንግሥት ባለሙያዎቹን ባባረረ ቍጥር፥ ዋጋ ሳይጠይቅ ጥበቡን ለጎረቤቱ ሰጠ ማለት ነው።

ከፍየል ወደ ፈረስ

ከዘመን ብዛት ኮርዶባን የሚለው ስም ከፍየሉ ቆዳ ተላቆ ወደ ፈረሱ ተሻገረ። በ19ኛው ምእት ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ ኮርዶባን ማለት ከፈረስ ዳሌ የሚወጣ ቆዳ ማለት ሆኖ ነበር። የዚህም ምክንያት በፈረሱ አካል ውስጥ ይገኛል።

የፈረስ ቆዳ ከአንገት እስከ ወገብ ያለው ክፍል ስስና ልል ነው፤ ለጓንትና ለካፖርት ይሆናል። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1931 ለአብራሪዎቹ የመረጠው የታወቀው ጃኬት የተሠራው ከዚህ ቆዳ ነበር። ከዳሌው በላይ ግን ግራና ቀኝ ሁለት ሞላላ ቦታዎች አሉ። በነዚህ ቦታዎች ከላይኛው የጠጕር ገጽና ከታችኛው የሥጋ ገጽ መካከል፥ ጭረቱ እጅግ የተጠቀጠቀና የጠነከረ ሦስተኛ ንጣፍ ይገኛል። እንግሊዞች ይህን ንጣፍ ቅርፊት ይሉታል፤ ጀርመኖች ደግሞ የፈረስ መስተዋት ብለውታል። ሁለቱም ስሞች ልክ ናቸው። ለጥንካሬው ቅርፊት ነው፤ ሲወለወል ለሚሰጠው ነጸብራቅ መስተዋት ነው። ከአንድ ፈረስ የሚገኘው ሁለት ቍራጭ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ውድ ነው።

አሠራሩ

ቆዳ ካልለፋ ይበሰብሳል፤ ሲደርቅም እንደ እንጨት ይገተራል። በዛፍ ልጥ፣ በግንድና በቅጠል ውስጥ የሚገኘው ታኒን የተባለው መራራ ነገር ግን ከቆዳው ጭረት ጋር ይጣበቃል፤ ውሃውን አስወጥቶ በቦታው ይገባል። ከዚያ በኋላ ቆዳው አይበሰብስም። ይህ ዘዴ በዓለም ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

ኮርዶባን ሲሠራ በጨው የቆየው የፈረስ ቆዳ መጀመሪያ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ቀጥሎ በኖራ ጠጕሩ ይለቃል፤ የዳሌው ክፍልም ለብቻው ይቈረጣል። ይህ ክፍል የደረት ነትና ኬብራቾ ከተባሉት ዛፎች የተቀመመ ውሃ በሞላበት ጕድጓድ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ በቀጭኑ፥ ኋላም በወፍራሙ ውሃ እየተዛወረ ሁለት ወር ያህል ይቈያል። ወፍራሙን ውሃ አስቀድሞ ያገኘው እንደ ሆነ ውጭው ብቻ ይለፋና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ መጣደፍ የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

ከጕድጓድ ሲወጣ በስለት እየተላገ ቅርፊቱ ብቅ ይላል። ከዚያም ሞራ፣ ዘይትና ሰም በሙቀት ተቀላቅለው በቆዳው ውስጥ እንዲሰርጉ ይደረጋል፤ ቅባቱም በዝግታ እንዲዳረስ ሦስት ወር ያህል ያርፋል። ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ልብ ነው። ባለሙያው ቆዳውን እንደ ገና በእጁ ይልጋል። ቅርፊቱ በዐይን የሚለየው በቀጭን ልዩነት ነው፤ ስለቱ ጥቂት አልፎ ከሄደ ወራት የፈጀው ሥራ ይበላሻል፤ ጥቂት ከቀረም መስተዋቱ አይወጣም። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ የለም፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው።

በመጨረሻ ቀለሙ በብሩሽ በእጅ ይቀባል። በጥንት ዘመን ቀዩ ቀለም ቀርሚዝ ከተባለች ነፍሳት፥ ብጫው ከሮማን ልጣጭ ይገኝ ነበር፤ ጥቍሩም ብረት ከታኒን ጋር ሲገናኝ የሚወጣ ነው። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለው እንግሊዛዊ ወጣት ከከሰል ዝቃጭ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ በኋላ ግን አኒሊን የተባሉት ቀለሞች የቀድሞዎቹን ተኩ። ቀለሙ ሲደርቅ የመስታወት ዘንግ በመኪና ኃይል ቆዳውን ደጋግሞ ይዳምጠዋል፤ ያን ጊዜ መስተዋቱ ይበራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ከዚህ ቆዳ የተሰፋ ጫማ እንደ ሌላው በጥቃቅን መስመር አይሰነጠቅም፤ በመታጠፊያው ላይ እንደ ማዕበል ይንከባለላል እንጂ። ደኅና የተያዘ እንደ ሆነም ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ቺካጎና አዲሱ ዘመን

በ1893 ኢሳዶር ሆርዊን የተባለ የዩክሬይን ተወላጅ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ቆዳ ማልፋት ያውቅ ነበርና በቺካጎ ከተማ በቆዳ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ በ1905ም የራሱን አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው ምላጭ የሚሳልበት የኮርዶባን ጠፍር ነበር። ወንድ ሁሉ በረጅም ምላጭ ይላጭ በነበረበት ዘመን በየጸጕር ቤቱ እንዲህ ያለ ጠፍር ተሰቅሎ ይታይ ነበር።

ወዲያው ግን ኪንግ ጂሌት በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት ተነቃይ ምላጭ ተስፋፋ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ይህን ምላጭ ለወታደሮቹ ሲያድል፥ የጠፍሩ ገበያ ወደቀ። የቺካጎው ቤት ቆዳውን ወደ ጫማ አዙሮ ዳነ።

ሁለተኛውና ጽኑው ፈተና የፈረሱ ራሱ መጥፋት ነበር። በ1915 ገደማ በአሜሪካ ከ25 ሚሊዮን በላይ ፈረሶችና በቅሎዎች ነበሩ፤ አውቶሞቢልና ትራክተር ከመጡ በኋላ በ1960 ወደ 3 ሚሊዮን ወረዱ። ቀድሞ ከፈረስ ቆዳ ይሰፋ የነበረው የቤዝቦል ኳስ እንኳ ከ1974 ጀምሮ ከላም ቆዳ ሆነ። ዛሬ ለኮርዶባን የሚሆነው ቆዳ የሚመጣው የፈረስ ሥጋ ከሚበላባቸው አገሮች፥ ይልቁንም ከፈረንሳይና ከካናዳ ነው። ቆዳው የሥጋው ተረፈ ምርት ስለ ሆነ ፈላጊ ቢበዛም አይጨመርም።

ሦስተኛው ፈተና ችኰላ ነው። በ1884 አውግስጦስ ሹልትስ በኒው ዮርክ በክሮም ማልፋትን ካስመዘገበ በኋላ፥ ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ በቀናት የሚያልቅ ሆነ፤ ዛሬም ከዓለም ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በዚህ ዘዴ ነው። ሆርዊንና በጃፓን የሂሜጂ ባለሙያዎች ግን በጕድጓዱና በትዕግሥቱ ጸንተዋል። ጃፓናውያን ከዚህ ቆዳ የተማሪ ቦርሳ ጭምር ይሠራሉ። የኮርዶባ ጥበብ ሥር ቺካጎና ሂሜጂ ላይ ይገኛል ቢባል የሚያስደንቅ ነው፤ ግን እውነት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

በአገራችን ፈረስ አይታረድም፤ ስለዚህ ኮርዶባን የኛ ሥራ ይሁን አንልም። የፍየልና የበግ ቆዳችን ግን፥ የጥንቱ ኮርዶባን እንደ ነበረው ሁሉ፥ በዓለም የታወቀ ነው። በወሎ የባቲ ፍየል ቆዳ በውጭ ነጋዴዎች ዘንድ በትውልድ ቦታው ስም ይጠራል። ከተማን በቆዳዋ ስም ማወቅ ለኮርዶባ ብቻ የተሰጠ ዕድል አይደለም ማለት ነው።

ልዩነቱ ሌላ ነው። ኮርዶባ ባለሙያዎችዋን አንድ ጊዜ በዐመፃቸው፥ ሌላ ጊዜ በሃይማኖታቸው አባረረች። እኛ ደግሞ የራሳችንን ባለሙያ ካገር ባናባርረውም፥ በገዛ አገሩ ባይተዋር አድርገነው ኖርን። ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ አቁማዳውን፣ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያዙበትን ማኅደር ሳይቀር ሠርቶ ሲሰጠን፥ ፋቂ ብለን ሰደብነው፤ በብዙ ቦታም ርስት ከለከልነው፥ ልጁንም ለልጃችን አላጨነውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ስም መስደብን በዐዋጅ መከልከላቸው ጕዳቱን አስቀድመው ስላዩ ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከየመንደሩ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አንደፍርም።

የሚሰደብ ሙያ ወራሽ አያገኝም። አባትየው የሚያውቀውን ልጁ ካፈረበት፥ ጥበቡ ባሕር ሳይሻገር እዚያው ጎጆ ውስጥ ይሞታል። የኮርዶባ ስደተኞች ቢያንስ ሙያቸውን ይዘው ሄደው በሌላ አገር አድነውታል፤ በኀፍረት የሞተ ጥበብ ግን የትም አይገኝም። ፋብሪካ በገንዘብ ይሠራል፤ መኪናም ከውጭ ይገዛል። ስለቱ የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ እጅ ግን ተከብሮና ተምሮ የሚገኝ እንጂ የሚገዛ አይደለም። አስተማሪ በክፍል ውስጥ ስለ ነገሥታቱ ፈረሶች ሲያስተምር፥ ኮርቻውን ስለ ሰፋው ሰው አንድ ቃል ቢጨምር፥ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።