ከጄኔቫ እስከ አፍሪካ አዳራሽ፦ የስብሰባ ትርጉም ሽቦዎች ታሪክ

በአንድ አዳራሽ የተቀመጡ የብዙ አገር ልዑካን፣ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ እዚያው በየቋንቋቸው መስማት ከቻሉ ገና አንድ መቶ ዓመት ቢሆን ነው። ቀድሞ የነበረው ልማድ ተራ በተራ መተርጎም ነበር። ተናጋሪው ሲያበቃ አስተርጓሚው ማስታወሻውን ይዞ ይነሣና ንግግሩን በሌላ ቋንቋ ይደግመዋል። በ1919 በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ቋንቋ ሲሆን የስብሰባው ጊዜ በእጥፍ ይረዝማል፤ ሦስተኛና አራተኛ ሲጨመር ግን ቀኑ በመደጋገም ያልቃል። ይህን ችግር የፈታው የአስተርጓሚዎች ችሎታ ማደግ ሳይሆን የስልክ ሽቦ ነው።

በዚያው በ1919 የተቋቋመው የዓለም ሥራ ድርጅት ከመንግሥታት ተወካዮች ጎን አሠሪዎችንና ሠራተኞችን አስቀመጠ። ዲፕሎማቶቹ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ አያጡም፤ ከሠራተኛ ማኅበራት ከመጡት ግን ብዙዎቹ ከአገራቸው ቋንቋ ሌላ አይችሉም ነበር። የቦስተኑ ነጋዴ ኤድዋርድ ፋይሊን በ1925 ለመንግሥታቱ ማኅበር አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ አስተርጓሚው ተናጋሪውን እየሰማ እዚያው በስልክ ይናገር፤ ሰሚዎቹም በጆሮ ማዳመጫ ይከታተሉት። እንግሊዛዊው ጎርደን ፊንሌይ መሣሪያውን ከስልክ ዕቃዎች ገጣጠመው፤ በ1927ም ጄኔቫ ላይ በድርጅቱ ጉባኤ ሥራ ላይ ዋለ። ማምረቱን አይቢኤም ያዘው። በሞስኮም በ1928 በኮሚንተርን (የኮሚኒስት ፓርቲዎች ዓለም አቀፍ ድርጅት) ጉባኤ አስተርጓሚዎች ከመድረኩ ሥር ተቀምጠው፣ ማይክሮፎን ከአንገታቸው አንጠልጥለው ይተረጉሙ ነበር። ማዳመጫ ስላልነበራቸው ተናጋሪውን የሚሰሙት በባዶ ጆሮ ነበር።

መሣሪያው ዓለም ፊት የተፈተነው በኑረምበርግ ነው። በኅዳር 1945 የናዚ መሪዎች ችሎት ሲከፈት ጉዳዩ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በጀርመንኛ መካሄድ ነበረበት። ተራ በተራ ቢተረጎም ኖሮ አንዱ ጥያቄ አራት ጊዜ ይሰማ ነበር። አይቢኤም መሣሪያውን ያለክፍያ ሰጠ። በየመቀመጫው መራጭ ቁልፍ ተገጠመ፤ ቻናል አንድ የተናጋሪው የራሱ ድምፅ ሲሆን የቀሩት አራቱ ለአራቱ ቋንቋዎች ተመደቡ። አስተርጓሚዎቹ ከተከሳሾቹ ሳጥን አጠገብ፣ ላዩ ክፍት ከሆነ መስታወት ጀርባ ተቀመጡ። በቡድን 12፣ በሦስት ቡድን 36 ነበሩ። ገመዶቹ ወለሉ ላይ እንዳሉ የተዘረጉ ስለነበሩ አላፊ አግዳሚው እግሩ እየተጠላለፈባቸው መስመር ይቋረጥ ነበር።

በዚያ ችሎት ከማዳመጫው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የቁጥጥሩ ሥርዓት ነው። በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ማይክሮፎን ብቻ ነበር፤ ሁለት ጠበቆች እኩል ቢናገሩ አስተርጓሚው የትኛውንም አይዝምና። ከአስተርጓሚዎቹ ጋር የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ሁለት አምፖሎችን የሚያበራ ማብሪያ ነበረው። ቢጫው ሲበራ ተናጋሪው ዝግ ይላል፤ ቀዩ ሲበራ ያቆማል። ዳኛም ሆነ ዓቃቤ ሕግ፣ ተከሳሽም ሆነ ምስክር ለአምፖሉ ይታዘዝ ነበር። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማይክሮፎን ተራው ሲደርስ ቀይ ቀለበት የሚያበራው፣ ሰብሳቢውም የሌሎቹን የሚዘጋበት ቁልፍ ያለው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ይህን አሠራር ለመቀበል አመንትቷል። የተራ በተራ ትርጉም ሊቃውንት አዲሶቹን ባልደረቦቻቸውን “ስልከኞች” እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ግን በኅዳር 1947 ባሳለፈው ውሳኔ አሠራሩን ቋሚ አደረገው።

አሠራሩ በተስፋፋ ቁጥር ችግሩ ወደ ገመዱ ዞረ። ከማይክሮፎን የሚወጣው ኃይል ጥቂት ሺህኛ ቮልት ብቻ ነው፤ በዚያው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የመብራት መስመር ደግሞ 220 ቮልት። ሁለቱ ገመዶች ጎን ለጎን ረጅም ርቀት ከሄዱ መብራቱ ድምፁን ይበክለዋል፤ በማዳመጫው ውስጥ የማያባራ ጉርምርምታ ይሰማል። መፍትሔው ከስልክ የተወረሰ ነው። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1881 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ይገመዳሉ። ድምፁ በሁለቱ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጓዝ ከውጭ የሚገባው ረብሻ ግን ሁለቱንም እኩል ይነካል፤ መቀበያው የአንዱን ከሌላው ሲቀንስ ረብሻው ይጣፋና ንጹሑ ድምፅ ይቀራል። በዚህም ላይ የድምፅና የመብራት ገመድ ተራርቀው ይዘረጋሉ፤ መገናኘት ግድ ከሆነም በመስቀልያ ይተላለፋሉ።

ሌላው የጉርምርምታ ምንጭ የመሬት መስመር ነው። አንዱ ማጉያ ከመድረኩ ሶኬት፣ ሌላው ከኋላ ክፍል ሶኬት ኃይል ሲወስድ የሁለቱ መሬት ልክ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ልዩነቱ በድምፅ ገመዱ ልባስ በኩል ይፈስሳል። ስለዚህ የድምፅ ዕቃዎች ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ኃይልና መሬት እንዲያገኙ ይደረጋል። ጉርምርምታውን ለማጥፋት የመሬቱን ሽቦ የሚቆርጡ ባለሙያ ነን ባዮች ሞልተዋል፤ ድምፁ ይጠራል፣ ማይክሮፎኑን የጨበጠው ሰው ግን ለአደጋ ይጋለጣል።

በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ ይህ ቴክኖሎጂ የዓለም አቀፍ አዳራሽ ሁሉ መለያ ሆኖ ነበር። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ ነው። በቅኝ ግዛት ምክንያት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ለተከፈሉት መሪዎች ማዳመጫ የግድ ነበር።

በተከታዩ ዓመት፣ በመስከረም 1956 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በ1963 ኦክቶበር ማለት ነው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በአማርኛ ተናገሩ። በጉባኤው ደንብ ከይፋዊዎቹ ቋንቋዎች ውጭ የሚናገር ሰው ወደ አንዱ የሚተረጎምበትን መንገድ ራሱ ያዘጋጃል፤ የሌሎቹ ቋንቋዎች አስተርጓሚዎች ደግሞ ያንን ትርጉም ሰምተው ይተረጉማሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የአስተርጓሚው ሰሌዳ ከአዳራሹ ድምፅ ወደ ሌላ የትርጉም ክፍል ድምፅ የሚሸጋገርበት ቁልፍ ነው። መነሻው ላይ አስተርጓሚ ከሌለ ግን ቁልፉ ምንም አይፈይድም። በ2004 ተሰናባቹ የአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበር ጆአኪም ቺሳኖ አዲስ አበባ ላይ ሳይታሰብ በስዋሂሊ ንግግር ሲጀምሩ ልዑካኑ ማዳመጫቸውን ይነካኩ ጀመር። ዕቃው ደህና ነበር፤ ለስዋሂሊ የተዘጋጀ አስተርጓሚ ግን አልነበረም።

ገመዱን ለማስቀረት የተሞከረው ቀድሞ ነው። መጀመሪያ በአዳራሹ ዙሪያ የተጠቀለለ ሽቦ ድምፁን እንደ ሬዲዮ አሰራጨ፤ ነገር ግን ምሥጢራዊ ስብሰባ ከግድግዳው ውጭ ይደመጥ ጀመር። በ1970ዎቹ የተከተለው ለዓይን የማይታየው ታህተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን ግድግዳ አያልፍም፤ የፀሐይ ብርሃንና አንዳንድ የፍሎረሰንት መብራቶች ግን ያውኩታል። በ1990ዎቹ ዲጂታል ሲስተም ሲመጣ ለየቻናሉ ይዘረጋ የነበረው ወፍራም የሽቦ እስር ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በሚያልፍ አንድ ቀጭን ገመድ ተተካ፤ ድምፁም ኃይሉም በዚያው ይሄዳል። ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ መዘጋቱ ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ወደ መነሻው ተመልሶ ቀለበት እንዲሠራ ይደረጋል። አፍሪካ አዳራሽም ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት የ1953 ዓ.ም. መልኩን ይዞ፣ ውስጡ የዘመኑን የድምፅና የምስል መሣሪያ አግኝቷል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ስብሰባዎችን ወደ ኢንተርኔት ሲያዛውር አስተርጓሚዎች ከየቤታቸው መሥራት ጀመሩ። የድሮ ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር፤ በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ለትርጉም መሣሪያ ከ125 እስከ 15,000 ኸርዝ ይጠይቃል። በላፕቶፕ ማይክሮፎን ተይዞ፣ በኢንተርኔት ተጨምቆ የሚደርሰው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ስለሚሆን አስተርጓሚዎች የጆሮ ሕመምና ድካም ያማርራሉ። ድንገት የሚጮኽ ድምፅ ጆሮ ሳይደርስ የሚገድበው መሣሪያም በትርጉም ክፍሉ ሰሌዳ ላይ አለ፤ በየቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።